ድሬ ልጅ የፈረንሳይ ገጠር ሲገባ

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። ድሬ ነው ያደግኩት። እኛ ዘንድ አባትም አንተ ነው፣ የሰፈር ሽማግሌም አንተ ነው። አዲስ አበቤ ባለጌ ይለናል፣ እኛ ፍቅር ነው እንለዋለን። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ግን ይሄ አመል ትንሽ ያስከፍላል። ስደርስበት እነግርሃለሁ።

እህቴ ያገባችው ፈረንሳዊ ገበሬ ነው። ሰፈር ውስጥ «ፈረንሳይ ገባች» ሲባል ሁሉም ፓሪስ ነው የመሰለው። እማዬ ራሷ የኤፍል ማማ ከእህቴ ጓሮ የሚታይ መስሏት ነበር። መንደሩ ያለው አርደን በሚባለው አውራጃ ነው፣ ሰሜን ምስራቅ፣ ወደ ቤልጂየም ድንበር ጠጋ ብሎ። ስንዴ፣ ገብስ፣ የወተት ላም፣ ደግሞ ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዘመድ የሆነ አንድ ትልቅ ነጭ ሥር ያመርታሉ። ነዋሪው 300 አይሞላም። ብርቅ እንዳይመስልህ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮሚውኖች (ትንንሾቹ የአስተዳደር ክፍሎች) አሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ሰው በታች ናቸው፣ እያንዳንዱ ግን የራሱ ከንቲባ አለው። ለ300 ሰው ከንቲባ! እኛ ጋ 300 ሰው አንድ ሰርግ ላይ የሚገኝ ነው።

እኔና እማዬ ሄደን ሦስት ወር ሊሞላን ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እህቱ ወይም ልጁ እዚያ ያለች ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል። ምን ልያዝ? ምን ልልበስ? ሰዎቹ ጥሩ ናቸው? ስንቴ ላውራ፣ ጻፍኩት።

ወረቀቱ

ወረቀቱን ቶሎ እንጨርሰው። ዘመድ ቤት ለማረፍ የምትሄድ ከሆነ ጋባዥህ ከምትኖርበት ማዘጋጃ ቤት «አቴስታሲዮን ዳኬይ» የሚባል ደብዳቤ ታወጣለች። ይሄን ሰው እቤቴ አሳድራለሁ፣ ቦታም አለኝ፣ ገቢም አለኝ ብላ የምትፈርምበት ነው። ራሷ በአካል መሄድ አለባት፣ የ30 ዩሮ ቴምብርም አለው። ዋናው ቅጂ ድሬ ድረስ እጅህ መግባት አለበት፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ብትልከው አይሆንም። የትንሽ መንደር ማዘጋጃ ደግሞ በየቀኑ አይከፈትም። የእህቴ መንደር ውስጥ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ነገ ላኪልኝ ብለህ አታስጨንቃት።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደህ የሼንገን ቪዛ ታመለክታለህ። ማመልከቻው ከጉዞህ 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቻላል፣ ቢያንስ ግን 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። አንተ ግን ወደ መጨረሻው አታድርሰው። ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ተመላሽ የለውም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። እዚህ ላይ እኛን ያሰቃየን የቀን ነገር ነው። የእማዬን የልደት ወረቀት ያስተረጎምንበት ቤት ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ሲቀይር 8 መደመር ሲገባው 7 ደመረ፣ ፓስፖርቷና ትርጉሙ አልገጠመም፣ እንደገና ድሬና አዲስ አበባ ስንመላለስ ሁለት ሳምንት በላን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የተወለደ ሰው 7 ይደመርለታል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ራስህ አስላው፣ ማንንም አትመን።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በዚህ ቪዛ ሥራ የለም። «ወይን ለቀማ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣብህ በሩን አሳየው። የወቅት ሥራ ሌላ ቪዛ ነው፣ አሠሪው አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣበታል።

ሻንጣው

እማዬ የያዘችውን ብዘረዝርልህ ትስቃለህ። ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ። ደግነቱ እህቴ ቀድማ ደወለች። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ አያስገባም፣ ቅቤውም ቋንጣውም እዚያው ጉምሩክ ላይ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድቁስ ችግር የለውም። አትክልት፣ ችግኝ፣ ጥሬ ዘር ያለ ሰርተፍኬት አይገባም፣ ስለዚህ የቀፊራ ገበያን ቃሪያና ማንጎ እዚሁ ተሰናበተው።

ጫት! ይሄን ለብቻው ነው የምነግርህ። ፈረንሳይ ውስጥ ጫት አደንዛዥ ዕፅ ነው። ደረቁም፣ እርጥቡም፣ «ለራሴ ትንሽ ነው» የምትለዋም። አወዳይ ላይ እንደ ጎመን ተዘርግቶ የምታየው ነገር እዚያ ፖሊስ ጣቢያ ያስገባሃል። በርጫህን እዚህ ጨርሰህ ሂድ አቦ።

ቡና ግን ያዝ። የሐረር ቡና፣ ተቆልቶ፣ በደንብ ታሽጎ፣ በግማሽ በግማሽ ኪሎ ተከፋፍሎ። ለምን እንደምከፋፍለው ወደታች ይገባሃል።

ልብስ ላይ አንድ ስህተት ሁሉም ይሠራል። «ሐምሌ እዚያ በጋ ነው» ይልሃል፣ አንተም ድሬ ላይ በምትለብሳት ቲሸርት ትሄዳለህ። ቀኑ ሊሞቅ ይችላል፣ አንዳንዴ ድሬን ያስንቃል። ግን በማግስቱ ዝናብ ዘንቦ ሹራብ ላይ ጃኬት ትደርባለህ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ አንድ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግዛ። ጭቃ የሚችል ቦት ጫማ እዚያው የገበሬ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ታገኛለህ፣ ከዚህ አትሸከም። ነጭ ስኒከር ደግሞ ተወው፣ ላም ያለበት ቤት ነው የምትሄደው።

መንገዱ

ፓሪስ ሻርል ደጎል ስትወርድ ወደ ከተማ መግባት ግድ አይደለም። ኤርፖርቱ ውስጥ የባቡር ጣቢያ አለ፣ ከዚያ ሬምስ አጠገብ ወዳለው ሻምፓኝ አርደን ጣቢያ ፈጣን ባቡር በግማሽ ሰዓት አካባቢ ያደርስሃል። ፓሪስ ከገባህ ደግሞ ከጋር ደ ሌስት ጣቢያ እስከ ሬምስ 45 ደቂቃ ገደማ ነው። አዎ፣ «ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ለገሃር ማለት ራሱ እሷው ናት። የእማዬ አባት ሸመንደፈር ውስጥ ነበር የሚሠራው። የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ሐዲዱን ከጅቡቲ ድሬ ያደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ ጀምሮ ድሬ ሳይማር ፈረንሳይኛ ይናገራል። ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሾፌር፣ ካሚዮን፣ ሁሉም የእነሱ ነው። አምስት ቃል ይዘህ ነው የምትነሳው ማለት ነው። ጊዜ ካለህ ግን ድሬ ያለው አሊያንስ ገብተህ ሁለት ሦስት ወር ተማር፣ ገጠር ውስጥ እንግሊዝኛ አያበላህም።

ከትልቁ ጣቢያ በኋላ ነው ችግሩ። ባጃጅ የለም። ታክሲ የለም። አውቶቡስ ካለም የተማሪ ሰርቪስ ነው፣ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እሱም ብርቅ ነው። የሚቀበልህን ሰው አስቀድመህ በሰዓት ቅጠር። ሰዓቱን ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር።

ይሄ የሰዓት ነገር እኛን ጉድ ሠርቶናል። የእህቴ አማት በመጣን በሦስተኛው ቀን «ሴት ኧር» ላይ ኑና አንድ ነገር ቅመሱ አለችን። እማዬ ከአባቷ የተማረችው ቁጥር እስከ ሃያ አለ፣ ሴት ማለት ሰባት ነው፣ ሰባት ሰዓት! በምሳ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ በራቸው ላይ ቆመች። ቤተሰቡ ምሳ ላይ ነው፣ የጠሯት ለማታ ነው፣ ማለትም በእኛ አንድ ሰዓት። ወንበር ስበው አስቀመጧት። ማታም ደግማ ሄደች።

ቦንዡር

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። እማዬ በመጀመሪያው ቀን መስኮት ላይ ቆማ ረጅም ሰዓት አየች። ከዚያ ዞር ብላ «ሰው የለም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። መንገዱ ጭር ያለ፣ መስኮቱ በእንጨት መዝጊያ የተዘጋ፣ አንድ ድመት ብቻ። ገንደ ቆሬ ወይም መጋላ ያደገ ሰው፣ ሰው ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሻንጣ የሚሸከምለት ሰው፣ ይሄን ሲያይ ጠሉኝ ነው የሚለው።

አልጠሉህም። እየጠበቁህ ነው። እዚያ አዲስ የመጣው ነው መጀመሪያ ሰላም የሚለው። ጎረቤት መጥቶ እንኳን ደህና መጣህ ይለኛል ብለህ ቤት ከተቀመጥክ ሦስት ወርህን ከድመቷ ጋር ትጨርሳለህ።

ስለዚህ ውጣ። መንገድ ላይ የምታገኘውን ሰው ሁሉ «ቦንዡር» በል። ሱቅ ስትገባ ማንንም ከማየትህ በፊት «ቦንዡር»። ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ያሉበት ክፍል ስትገባ ለሁሉም በአንድ ላይ «ቦንዡር»። ትራክተር ላይ ያለውን እጅህን አንሳለት። ስትወጣ «ኦ ርቧር»። እኛ «ስንት ነው?» ብለን ነው የምንጀምረው፣ እዚያ ከቦንዡር በፊት ስንት ነው ካልክ ሻጭዋ ፊቷ ይቀየራል፣ ዳቦውን ትሸጥልሃለች ግን አልወደደችህም። አንድ ቃል ናት፣ አታስቸግርም። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ግን አትደግማትም፣ ረስተኸኛል ወይ ብሎ ይገረማል። እኛ በቀን አስር ጊዜ ደህና ዋልክ የምንባባል ሰዎች ይሄ ይከብደናል።

አሁን ወደ አንተና አንቱ። እነሱም ሁለት አላቸው፣ «ቱ» እና «ቩ»። ቱ አንተ ነው፣ ቩ አንቱ። ለማታውቀው ሰው፣ ለትልቅ ሰው፣ ለሻጭ፣ ለከንቲባ፣ ለሐኪም ሁሉ ቩ ነው። «ቱ እንባባል» ብሎ የሚጀምረው ትልቁ ሰው ነው፣ አንተ አይደለህም። እኔ እንደ ድሬ ልጅ ለከንቲባው ቱ አልኩት። ሰውየው ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ በቩ መለሰልኝ፣ የእህቴ ባል ግን ጫማውን ማየት ጀመረ። የሚገርመው እማዬ ሁሉንም ቱ ስትል ማንም አልከፋውም። ነጠላዋ ነው መሰለኝ።

ጉንጭ መሳሳም አለ፣ ቁጥሩ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በብዙ ቦታ ሁለት ነው። አንተ አትጀምር። እጅህን ዘርጋ፣ እነሱ ጉንጭ ካመጡ ተከተል። ትከሻ ለትከሻ መጋጨታችንን ለእህትህ ባል ብቻ አስተምረው።

«ከየት ነህ?» ይሉሃል። ድሬዳዋ ካልክ ዝም ይላሉ። አርደን ውስጥ ከሆንክ ግን «ሐራር» በል፣ ከዚያ «ራምቦ» በልና ተመልከታቸው። ገጣሚው አርቱር ራምቦ የዚያ አውራጃ ልጅ ነው፣ ሻርልቪል ነው የተወለደው። እናቱ ሮሽ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ውስጥ እርሻ ነበራቸው። ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐረር ወጣ ገባ እያለ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ኖረ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ በቃሬዛ ተሸክመው አወረዱት፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ ሮሽ ወደ እናቱ እርሻ ገባ፣ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ወደ ማርሴይ ተመልሶ ኅዳር ላይ ሞተ። ሐረር ያለውን ራምቦ ቤት ስንት ጊዜ ለእንግዳ አሳይቻለሁ፣ የሰውየው ሌላኛው ጫፍ ግን ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የእህቴ አማት ሮሽ ድረስ በመኪናዋ ወሰደችን። የድሮው ቤት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈርሷል። እማዬ ዙሪያዋን አይታ «ይሄን ትቶ ነው ሐረር የመጣው? እኔም እመጣ ነበር» አለች።

ሲዘጋና ሲከፈት

እዚህ ላይ ከአዲስ አበቤ ይልቅ አንተ ትሻላለህ። ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተኩል ሱቁን ዘግቶ ይተኛል አይደል? እነሱም ከቀኑ 12 እስከ 2 (በእኛ ከስድስት እስከ ስምንት) ይዘጋሉ። ለሙቀት ሳይሆን ለምሳ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ቤት አትደውል፣ በር አታንኳኳ። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ነገር ሙት ነው፣ ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤት ይዘጋል። ቅዳሜ ግዛ።

ዳቦ ቤት የሌለው መንደር ብዙ ነው። የእኛ መንደር ውስጥ የዳቦ መኪና ትመጣ ነበር፣ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ ያኔ ነው ጠፋ ያልነው ሰው ሁሉ ከየበሩ የሚወጣው። ዳቦ ባያስፈልግህም ውጣ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማን ታመመ፣ የማን ላም ወለደች፣ የማን ልጅ ሊያገባ ነው፣ ሁሉን ትሰማለህ። አንዳንድ መንደር ውስጥ ደግሞ ሳንቲም ከተህ ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ የሚተፋ ማሽን ቆሟል፣ እሱ ወሬ የለውም። ባጌት ስትገዛ «ትራዲሲዮን» በል። በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ መሠረት ያለ ምንም ማቆያ ኬሚካል የሚጋገረው እሱ ነው፣ የዋጋው ልዩነት የሳንቲም ነው።

የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ይጮሃል። አትደንግጥ፣ ሙከራ ነው፣ በመላው ፈረንሳይ ነው። ይሄን ማንም አልነገረንም ነበር። እማዬ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬ ላይ የሶማሊያን ጦርነት ያየች ሴት ናት፣ ሳይረኑ ሲነሳ ሳህን ከእጇ ጥላ ጠረጴዛ ስር ገባች። እናትህን ይዘህ ከሄድክ ቀድመህ ንገራት።

ማዕድ

ሲጋብዙህ ባዶ እጅህን አትሂድ። እዚህ ነው ያ የተከፋፈለ ቡና የሚወጣው። በሰዓቱ ሂድ፣ ወይም አሥር ደቂቃ አርፍድ፣ ቀድመህ ግን አትሂድ (እማዬን ጠይቃት)።

ምግቡ ተራ በተራ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚመጣውን ሳህን ምሳው መስሎህ ጥግብ ብለህ አትብላ፣ ገና ዋናው አለ፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ። እኔ የመጀመሪያ ቀን በመጀመሪያው ሳህን ሦስቴ ጨምሬ ዋናው ሲመጣ ላብ አላበኝ። ዳቦው ሳህን የለውም፣ ጨርቁ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል፣ በቢላ ሳይሆን በእጅ ይቆረሳል። እጅህ ከጠረጴዛው ስር አይግባ፣ ክንድህን ጫፉ ላይ አሳርፍ።

ትልቁ አደጋ ግን ይሉኝታ ነው። እኛ «ብላ» ሲሉን «በቃኝ» እንላለን፣ ይለምኑናል፣ «በሞቴ» ይሉናል፣ ከዚያ እንበላለን። እዚያ «ኖን መርሲ» ካልክ አበቃ፣ ሳህኑ ወደ ሚቀጥለው ሰው ይሄዳል፣ ንፉግ ሆነው አይደለም፣ ቃልህን አምነው ነው። ከፈለግክ በመጀመሪያው «ዊ» በል።

ጿሚ ከሆንክ ቀድመህ ተናገር፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠህ አይደለም። ፍልሰታ እዚያ እያለን ነው የገባው። ቅቤ የሌለበት ምግብ ፍለጋ ቀላል አይደለም፣ ሾርባው ውስጥ ክሬም አለ፣ ጎመኑ ላይ ቅቤ አለ። የእህቴ አማት ግራ ቢገባት ከጓሮዋ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ እየነቀለች በዘይት ትሠራልን ጀመር። ሙስሊም ከሆንክ ደግሞ «ላርዶን» የምትባለውን ተጠንቀቅ፣ የአሳማ ቁርጥራጭ ናት፣ ሰላጣ ውስጥ፣ ኪሽ የሚሉት የእንቁላል ኬክ ውስጥ ሁሉ ትገባለች። አልጠጣም ማለት ነውር አይደለም፣ በውሃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ይሰጡሃል።

እርሻው

የፈረንሳይ አንድ እርሻ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ በአማካይ 69 ሄክታር ነው። ሐረርጌ ደጋ ላይ ግማሽ ሄክታር ማሽላና ጫት ይዞ ስምንት ልጅ የሚያሳድገውን ገበሬ አስብና ይሄን አስተያይ። ጭር ያለበትም ምክንያት ይሄው ነው። ያን ሁሉ መሬት የእህቴ ባልና ወንድሙ ሁለት ሆነው፣ በትራክተርና በኮምባይነር ነው የሚሠሩት። በአጨዳ ወቅት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብ ሳይቀድማቸው ብለው እስከ እኩለ ሌሊት ያጭዳሉ። በዚያ ሰሞን ጨዋታ አትጠብቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ሳንድዊች ይዘህ ማሳው ዳር ብትቆም ግን ውለታህ አይረሳም።

«ላግዝ» ብለህ ማሽን ላይ አትውጣ። መድን የለህም፣ ቪዛህም ለሥራ አይደለም። የጓሮ ፎሶሊያ መልቀም ይበቃሃል። የእህል ክምር ላይ ደግሞ ልጆች እንዳይወጡ ጠብቅ፣ እህል ሰው ይውጣል።

በር ተከፍቶ ካገኘኸው ክፍት ተወው፣ ተዘግቶ ካገኘኸው ዝጋው። እንደዚህ ቀላል ነው፣ ግን አንድ በር ረስቼ አሥራ አንድ ጊደር አስፋልት ላይ ወጥተው ነበር። ቀጭኗ ነጭ ሽቦ ኤሌክትሪክ አላት፣ አትገድልም፣ ግን ስድብ ታስወጣለች። የበቀለ ማሳ ውስጥ አትሂድ፣ ሳር የመሰለህ ስንዴ ነው። ከእግር ጉዞ ስትመለስ ቁርጭምጭሚትህንና ጉልበትህን ጀርባ እይ፣ መዥገር አለ፣ በሽታ ታስተላልፋለች። መስከረም ላይ አደን ሲከፈት ጫካ ዳር ስትሄድ ደማቅ ልብስ ልበስ።

ዶሮ ጮኸ፣ ደወል ተደወለ፣ ፍግ ሸተተ ብለህ አታማር። በ2019 እ.ኤ.አ. ኦሌሮን በምትባል ደሴት ላይ ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ በጩኸቱ ተከሶ ነበር፣ ፍርድ ቤት ዶሮውን ደገፈ። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚያይ ሕግ ወጣ። ከፓሪስ መጥተው ቤት ገዝተው ላም ጮኸችብን የሚሉትን ለማስቆም ነው። ለኛ እንኳ አስቂኝ ነው፣ አዛንና ቅዳሴ በአንድ ላይ እየሰማ የሚነሳ የድሬ ሰው በዶሮ ይከሳል?

ድንገት ብትታመም 15 ሐኪም ነው፣ 18 እሳት አደጋ፣ 112 ለሁሉም ይሠራል። ሲመጡልህ ምናልባት ጠዋት ላም ሲያልብ ያየኸው ሰው ነው። ከፈረንሳይ እሳት አደጋ ሠራተኞች ከአምስቱ አራቱ ያህል በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጁላይ 14 ማታ ጭፈራ የሚያዘጋጁትም በየቦታው እነሱ ናቸው። ሂድ፣ ጨፍር፣ ባትችልም ጨፍር። በሰኔና በመስከረም መካከል አሮጌ ዕቃ መንገድ ላይ አውጥተው የሚሸጡበት እሑድም አለ፣ አንድ ነገር ግዛ፣ የማይረባም ቢሆን።

እማዬ እንዴት መንደሩን እንዳሸነፈች ልንገርህና ልጨርስ። ነሐሴ ላይ ጎረቤት ሁሉ ጓሮው ዝኩኒ ይሞላበታል፣ ይዞ መጥቶ በርህ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ማን እንዳመጣው እንኳ አታውቅም። እማዬ ቅርጫቶቹን አየችና «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» አለች። የምስር ሳንቡሳ ጠበሰች፣ ጾም ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቅርጫት ውስጥ ስድስት ስድስት አድርጋ ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ለቤት ዞረች። አሥራ አራት ቤት። በሁለተኛው ሳምንት ቅርጫት የማያመጣም ሰው ቅርጫት ማምጣት ጀመረ።

ስትመለስ ቀን ቁጠር። የተፈቀደልህ ሦስት ወር አይደለም፣ ቢበዛ 90 ቀን ነው፣ የገባህበትና የወጣህበት ቀን ይቆጠራል። ቪዛህ ላይ ያነሰ ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ እሱ ነው። እኛ ጁላይ 1 ገብተን ሴፕቴምበር 30 ትኬት ቆርጠን ነበር። ጁላይና ኦገስት 31፣ 31 ናቸው፣ 90ኛው ቀን ሴፕቴምበር 28 ላይ ያልቃል። ከንቲባው ነው ያስታወሰን፣ ያ ቱ ያልኩት ሰውዬ። ትኬቱን ቀየርን። የደመራ ዕለት ድሬ ገባን፣ እማዬ ሻንጣዋን ስትከፍት ሦስት ኪሎ ዝኩኒ ወጣ።